ይቀመጥ፣ ይታደስ፣ ይሸጥ፣ ይሰጥ ወይስ ይጣል? ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ለሚገባ ቤተሰብ የዕቃ መምረጫ

ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም የሚገባ ቤተሰብ ዕቃውን መቀነሱ አይቀርለትም። በግቢ ቤት ማድ ቤቱ ለብቻው ነው። በርሜልና ጀሪካን ውጭ ያድራል። ከጣሪያ ሥር ደግሞ ለዓመታት ማንም ቀና ብሎ የማያየው ቆጥ አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄ ሁሉ የለም። ባለ ሁለት መኝታ የደረሰው ሰው እንኳ ሳሎኑ ሶፋና ቴሌቪዥን ከገባበት በኋላ የሚተርፈው መተላለፊያ ብቻ ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስና ከሌሎች የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ ተነስቷል። ብዙዎቹ ዕቃ ለመለየት በቂ ጊዜ አልነበራቸውም። በጥድፊያ ሲወሰን ደግሞ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ሁሉም ነገር እንዳለ ይጫንና አዲሱ ቤት መጋዘን ይሆናል፣ ወይ የጭነት መኪናው ቆሞ እየጠበቀ ጥሩው ዕቃ በማይረባ ዋጋ ይሄዳል። ሁለቱም ያስቆጫል። ስለዚህ ገና ዕጣ የሚጠብቅም፣ ኪራይ ቤት የሚቀይርም፣ የወላጆቹን ቤት የሚያስረክብም ሰው ቀኑ ሳይደርስ ቢያስብበት ይሻላል።

መጀመሪያ መለኪያው

ዕቃ እያነሱ እየጣሉ መለየት ያደክማል፤ ከቤተሰብም ያጣላል። አስቀድማችሁ በመለኪያው ተስማሙ። እኔ የማምንባቸው ስድስት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ግን ከሌሎቹ አስበልጣለሁ።

አንደኛው መልሶ የማግኛ ዋጋ ነው። ነገ ቢያስፈልገኝ በስንት እገዛዋለሁ? ከውጭ የሚመጡ የቤት አያያዝ ምክሮች "አንድ ዓመት ያልነካኸውን አስወግድ" ይላሉ። ዕቃ እንደልብ በሚገዛበት አገር ይሠራ ይሆናል። እኛ ጋ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ ብረት ድስት፣ ብርድ ልብስ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። ድሮ በትንሽ ብር የተገዛ ዕቃ ዛሬ በዚያ ዋጋ አይተካም። እጃችሁ ላይ ያለውን የገዛችሁበትን ዋጋ ርሱት፤ የዛሬውን የሱቅ ዋጋ ጠይቁ።

ሁለተኛው መዋስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ይሄን መለኪያ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስትና ጎድጓዳ ሰሃን አለው። ድግስ ዕቃ የሚያከራዩ ቤቶችም በየሰፈሩ አሉ። ታዲያ በዓመት አንዴ ለሚመጣ ድግስ ተብሎ ደርዘን ደርዘን ሰሃንና አንድ ሰው የማያነሳው ብረት ድስት አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሠራል? አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ነባሩን እድር ባትለቁ እንኳ ሰፈሩ ከራቀ ዕቃው አይደርስላችሁም። አዲሱ ሳይት ላይ እድር መኖሩን፣ ዕቃውም መሟላቱን ጠይቃችሁ ነው ድስቱን የምትለቁት።

ሦስተኛው የዓመቱ ዙር ነው። ዕቃን በወርና በሁለት ወር አትመዝኑት። ከእንቁጣጣሽ ተነስታችሁ መስቀልን፣ ገናን፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ረመዳንን፣ ሁለቱን ኢዶች ዙሩና በዚህ ሁሉ አልወጣም? ካልወጣ መልሱ ግልጽ ነው። ለበዓል ዶሮ ብቻ የሚወጣው ሸክላ ድስት ግን ሥራውን እየሠራ ነው፤ ተዉት።

አራተኛው ቦታና ደረጃ ነው። የመጀመሪያዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አብዛኞቹ ምድሩን ሳይጨምር አራት ፎቅ ናቸው፤ ሊፍት የላቸውም። የዕቃውን ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሜትር ለኩ። ከዚያ የበሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ዕቃ የሚቀረቀረው በሩ ላይ ሳይሆን መታጠፊያው ላይ ነው። ጫኝና አውራጅ ደግሞ ፎቅ ሲጨምር ዋጋ ይጨምራል፤ በረንዳ በኩል በገመድ ማውጣት ካስፈለገ ሌላ ድርድር ነው።

አምስተኛው ጤና ነው። ትኋን የገባበት አልጋ፣ የሻገተ ምንጣፍ፣ ሽፋኑ የተላላጠ መጥበሻ፣ ገመዱ የተላጠ ካውያ። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ስድስተኛው ባለቤትነት ነው። ሳጥኑ የእናት ነው ወይስ የእናንተ? አልጋው ወንድማችሁ ሲያገባ ሊወስደው የተወው ነው? ሳትጠይቁ የሸጣችሁት ዕቃ ከዋጋው በላይ ቅያሜ ያተርፋል።

ስድስቱ አማራጮች

*ማቆየት።* ነጻ ይመስላል፤ አይደለም። የጭነት፣ የደረጃና የቦታ ዋጋ አለው። ቢሆንም መልሶ የማግኛ ዋጋው ከፍ ያለና የማይዋሱት ዕቃ እዚህ ይገባል። የዕለት መሥሪያው ሁሉ፣ ጋቢና ቡልኮ፣ ደህና ፍሪጅ፣ የእንጨት አልጋ፣ ጀበናና ረከቦት። ውኃ ማጠራቀሚያንም እዚህ ጨምሩ። ኮንዶሚኒየም ስለገባን ጀሪካን አያስፈልገንም ያለ ሰው ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ይቸገራል። ትልቁን በርሜል ግን አስቡበት። 200 ሊትር ውኃ ክብደቱ 200 ኪሎ ነው፤ በረንዳ ላይ አንድ ቦታ ከሚቆም ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ኬሚካል ወይም ዘይት የነበረበት በርሜል ለመጠጥ ውኃ አይሁን።

*ማሳደስ።* ይሄ አማራጭ እኛ አገር ካለን ትልቅ ሀብት አንዱ ነው፤ የሚያሳዝነው እየተረሳ መምጣቱ ነው። ጥጥ ፍራሽ ሲጠፈጠፍና ሲጓጎል ፍራሽ አዳሹ ጥጡን አውጥቶ፣ ነድፎ፣ በአዲስ ጨርቅ መልሶ ይሰፋዋል። ስፖንጅ ፍራሽ ግን አንዴ መሃሉ ከጎደጎደ አይመለስም፤ አውጡት። ሶፋም እንደዚሁ ነው። ጨርቁ ቢያረጅ ይለበሳል። መጀመሪያ ግን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። ፍሬሙ እንጨት ከሆነና መጋጠሚያው ካልላላ ማልበሱ ያዋጣል።

ለቡፌና ለቁምሳጥንም ተመሳሳይ ነው። ጀርባውንና መሳቢያውን አውጥታችሁ ተመልከቱ። ዋንዛ ወይም ዝግባ ከሆነ ተልጎ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ ሌላ ትውልድ ያገለግላል። ተጨፍልቆ የተሠራ ቦርድ ከሆነና እግሩ ጋ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ የትኛውም አናጢ አይመልሰውም። እንዲህ ያለውን ፎቅ ለማውጣት ገንዘብ አትክፈሉ።

ስለ ምጣድ ለብቻው ልናገር። ሰው ቶሎ ተስፋ ከሚቆርጥባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ሥር ክብ ክብ ቦይ አለው። ሽቦው እዚያ ውስጥ ተጠምዝዞ ይተኛል፤ በላዩ ጀሶ ይደፈናል። ሸክላው ከተሰነጠቀ ሸክላና ሽቦው አብሮ ይቀየራል። ቆርቆሮው፣ እግሩና ክዳኑ ግን ይቀራል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ሸክላው ላይ ስንጥቅ አለ? ሶኬቱ ጠቁሯል ወይ ቀልጧል? ገመዱ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል? ሦስቱም ቢኖር እንኳ ቆርቆሮው ካልዛገ ማሠራት ከአዲስ ይረክሳል። ግን ምጣድ ብዙ ኃይል የሚስብ ዕቃ ነው። አዲሱ ቤት ውስጥ በቀጭን ማራዘሚያ እንዳትሰኩት። መስመሩ ይችለው እንደሆነ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ አሳዩ።

በጥቅሉ የማሳደሻው ሂሳብ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ተዉት እላለሁ። ጥሩ እንጨትን ከዚህ ሕግ አስወጣለሁ፤ ዛሬ እንደዚያ ያለ እንጨት በቀላሉ አይገኝም።

*መሸጥ።* አራት በር አለው፤ ዋጋውም እንደ በሩ ይለያያል።

ደጃፍ ላይ ቆራሌው አለ። ፈጣን ነው፤ ጠርቶ ይመጣል፣ ከፍሎ ይሸከማል። ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካን ለእሱ ነው። ግን መለየት አለባችሁ። መዳብ፣ ነሐስና አሉሚኒየም በኪሎ ከብረት በእጅጉ ይበልጣሉ። የድሮ ቧንቧ ራስ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሾቀ አሉሚኒየም ድስት ከብረቱ ጋር ተደባልቆ አንድ ላይ ከተመዘነ ተበልታችኋል። ልዋጭ ደግሞ ልብስና ጫማ ወስዶ ሳፋ፣ ሰሃን ወይም ብርጭቆ ይሰጣል። ዕቃ ለመቀነስ ተነስታችሁ ሌላ ዕቃ እንዳታስገቡ። ደህና ካፖርት በፕላስቲክ ሳፋ መለወጥም ያስቆጫል።

ሁለተኛው መርካቶ ነው። ምናለሽ ተራ ያልታሰበ ዕቃ ሁሉ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ነው። የተሰበረ ማሽን እንኳ በመለዋወጫነት ይፈለጋል። ለቆራሌው የሸጣችሁት ብዙው ዕቃ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚያ ነው። ጊዜና መጓጓዣ ካላችሁ ራሳችሁ ሂዱና ዋጋ ጠይቁ፤ ባትሸጡ እንኳ ደጃፍ ላይ ስትደራደሩ ዋጋውን አውቃችሁ ትናገራላችሁ። ለአንድ ሁለት ትንንሽ ዕቃ ግን መንገዱ አያዋጣም።

ሦስተኛው ቴሌግራምና ፌስቡክ ነው። ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ሶፋ፣ የሕፃን አልጋ የተሻለ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ነው። ጊዜ ግን ይፈልጋል። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሱ፣ ልኩን ጻፉ፣ ጉድለቱን አትደብቁ። ፍሪጁ በረዶ ካልሠራ አይሠራም በሉ። ገዢ ሲመጣ ብቻችሁን አትሁኑ። በሞባይል ተከፍሏል ቢባል የእሱን ስክሪን ሳይሆን የራሳችሁን ሂሳብ አይታችሁ ነው ዕቃው የሚወጣው።

አራተኛው ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ነው። ዋጋው መካከለኛ ነው፤ ጭነትና ጭቅጭቅ የለውም። ከሁሉም በፊት እዚህ ብትሞክሩ ይሻላል። በዱቤ የሚሰጥ ከሆነ ግን መጠኑንና ቀኑን ጻፉት።

መጽሐፍ ለብቻው ይታያል። በኪሎ ለሚገዛ ወረቀት ሰብሳቢ ከመስጠታችሁ በፊት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ላሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አሳዩ። ኅትመቱ ያለቀ የአማርኛ መጽሐፍ ፈላጊው ብዙ ነው።

*መስጠት።* ገንዘብ አያስገኝም፤ ዕቃው ግን ዕድሜ ያገኛል። ለእኔ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጅ ጫማና መማሪያ መጽሐፍ ከመሸጥ ይልቅ ቢሰጥ ይሻላል። በልዋጭ የሚገኘው ከዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ለሚቀበለው ሰው ግን ብርድ ልብሱ ብርድ ልብስ ነው። ገጠር ያለ ዘመድ፣ ደብሩ፣ መስጊዱ፣ በሰፈሩ ያለ የሕፃናት ማሳደጊያ፣ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከላት አሉ። ቀድማችሁ ደውሉና የሚያስፈልጋቸውን ጠይቁ። አንድ ሕግ ደግሞ ይኑር፤ ታጥቦና ተጠግኖ ለራሳችሁ የማትለብሱትን ለሰው አትስጡ። የተቀደደ የውስጥ ልብስና አንድ እግር ጫማ ለመርጃ ማዕከል የመጣል ሥራ ይሆንበታል እንጂ እርዳታ አይሆንም።

ገጠር ለሚልኩ ሰዎችም አንድ ነገር ልበል። ዘመድ እንቢ ስለማይል ብቻ የተበላሸ ቴሌቪዥንና የማይሠራ ፍሪጅ አይላክ። አንዱን ጠቃሚ ነገር ምረጡና እሱን በደንብ አድሳችሁ ላኩ።

*አደራ ማስቀመጥ።* "ለጊዜው አክስቴ ጋ ይቆይ" የሚባለው ነው። ከስድስቱ ደካማው ይሄ ይመስለኛል። የአክስት ቤትም ቤት ነው። ዕቃው ይሻግታል፣ አይጥ ይገባዋል፣ ሲፈለግ ይጠፋል፣ ከዚያ ቅሬታ ይመጣል። ልታስቀምጡ ከሆነ ቀን ቁረጡ፤ "እስከ ፋሲካ ካልወሰድኩት የአንቺ ነው" ብላችሁ በግልጽ ንገሯት።

*መጣል።* ለማንም የማይሆነው እዚህ ይገባል። የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት በማዳበሪያ የሚሞላውን ይወስዳሉ፤ ሶፋና አልጋ ግን አስቀድሞ መነጋገር ይፈልጋል። ወንዝ ዳርና ቦይ ውስጥ መጣል ያስቀጣል፤ ክረምት ሲመጣም ጎርፉ ወደ ሰው ቤት ይዞት ይገባል።

ስንጥል የሚነካውን እጅ እናስብ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ እዚያው አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ዛሬም የምንጥለውን በእጁ የሚለይ ሰው አለ። የተሰበረ ብርጭቆ በካርቶን ተጠቅልሎ ይታሰር። መርፌ ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ይውጣ። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ከማሸጊያው ወጥቶ ከቡና አተላ ጋር ተቀላቅሎ በተዘጋ ፌስታል ይጣል። የተባይ ማጥፊያ የነበረበት ዕቃ ለምግብም ለውኃም እንዳያገለግል ይበሳ። የድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን መስታወቱ እርሳስ አለበት፤ ቤት ውስጥ አትስበሩት፣ ለልጆችም መጫወቻ አትስጡት።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የሚሻለው ለምን ዓይነት ዕቃ ነው | ገንዘብ | የሚፈልገው ጊዜ | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|
| ማቆየት | ለመተካት ውድ፣ ለመዋስ የማይመች | የጭነት ወጪ | ትንሽ | ደረጃና በር ሳይለካ አይጫን |
| ማሳደስ | ጥጥ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ የእንጨት ዕቃ | መካከለኛ ወጪ | ከቀናት እስከ ሳምንታት | ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ይተው |
| ለቆራሌውና ለልዋጭ | ብረት፣ ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ያረጀ ልብስ | ዝቅተኛ ገቢ | ደቂቃዎች | መዳብና ነሐስ ለብቻ ይመዘን |
| ምናለሽ ተራ | ማሽን፣ መለዋወጫ፣ ብዛት ያለው ዕቃ | መካከለኛ ገቢ | ግማሽ ቀን | የመጓጓዣ ወጪ ይታሰብ |
| ቴሌግራምና ፌስቡክ | ፍሪጅ፣ ሶፋ፣ የልጅ ዕቃ | የተሻለ ገቢ | ሳምንታት | ክፍያ በራስ ሂሳብ ይረጋገጥ |
| ለጎረቤትና ለባልደረባ | ማንኛውም ደህና ዕቃ | መካከለኛ ገቢ | ቀናት | ዱቤ ከሆነ ይጻፍ |
| መስጠት | ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ የትምህርት መጽሐፍ | የለም | አንድ ሁለት ቀን | ታጥቦና ተጠይቆ ይሰጥ |
| አደራ | በቅርብ ቀን የሚወሰድ ብቻ | የለም | የለም | ቀን ይቆረጥ |
| መጣል | ለጤና አደጋ የሆነ፣ የማይጠገን | ትንሽ ወጪ | ትንሽ | ስለትና መድኃኒት ተለይቶ ይታሸግ |

በመለኪያ የማይዳኙ ዕቃዎች

ወረቀት ከሁሉም በፊት ይለይ፤ ከድስቱም ከሶፋውም በፊት። በአንድ ቦርሳ ይግባና ከጭነት መኪናው ጋር ሳይሆን ከሰው ጋር ይሂድ። የቤት ካርታ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ውልና ደረሰኞች፣ የልደትና የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጡረታ ሰነድ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የኮንዶሚኒየም ውልና የባንክ ብድር ክፍያ ደረሰኞች አይጣሉም። የብድሩ ደረሰኞች ዕዳው አልቆ ማረጋገጫ እስኪሰጣችሁ ድረስ ይቀመጡ። የድሮው ቤት የመብራትና የውኃ ደረሰኝ ደግሞ ቆጣሪው ተዘግቶ ዕዳ እንደሌለባችሁ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆይ። ከዚያ በኋላ የስልክ ካርድና የአሥር ዓመት የመብራት ደረሰኝ መያዝ ጥቅሙ አይታየኝም።

ፎቶ አይጣልም። ነጌቲቩም አብሮ ይቀመጥ፤ ታጥቦ የጠፋ ፎቶ ከእሱ ሊወጣ ይችላል። በስልክ ስታነሱት ከመስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳትጠቀሙ አንሱ። ከዚያ አልበሙን ከእናት ወይም ከአባት ጋር ተቀምጣችሁ ግለጡ፤ ጀርባው ላይ የሰዎቹንና የቦታውን ስም በእርሳስ ጻፉ። ይሄን የምታደርጉት የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት እያለ ነው። በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።

ካሴት ላይ እጨክናለሁ። የዘፈንና የመዝሙር ካሴት አብዛኛው ዛሬ በኢንተርኔት አለ። የሰርግ ቅጂ፣ ከውጭ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ የአያት ቀረርቶና ምርቃት ያለበት ካሴት ግን ሌላ ቅጂ የለውም። እነሱን ለዩና ወደ ፋይል አስገልብጡ፤ የቀረውን ለቀቅ አድርጉት።

ከቤተሰብ የወረዳችሁት የብራና መጽሐፍ፣ የቆየ መስቀል ወይም የጽሑፍ ጥቅልል ካለ ደግሞ ደጃፍ ለመጣ ነጋዴ በፍጹም አትሽጡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 የቅርስን አያያዝ፣ ምዝገባና ዝውውር ይገዛል። ወደ ቅርስ ባለሥልጣን ወይም ወደ አካባቢያችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አስመዝግቡ። እስከዚያው እርጥበት በሌለበት ቦታ፣ ፕላስቲክ ሳይሆን ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ።

ሙቀጫና ትልቁ ሞሶብ ላይ ብዙ ክርክር ይነሳል። ሙቀጫው አራተኛ ፎቅ ላይ ሲወቀጥ ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያው ይናጋል። ሳይቱ ላይ ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት) በደንብ የሚያገለግል ከሆነ፣ እዚያ ወርዶ የሚወቅጥ ሰውም ካለ ይቆይ። ካልሆነ በርበሬውን ወፍጮ ቤት ውሰዱና ሙቀጫውን ግቢ ላለው ዘመድ ስጡ። ሞሶቡ ግን ቦታ ቢይዝም ይግባ፤ እናት በእጇ የሰፋችው ከሆነ በየትኛውም ገበያ አይገዛም።

እንደ አቅምና እንደ ሁኔታ

ስቱዲዮ ለሚገቡ ጥንዶች፦ ሳጥን ያለው አልጋ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁምሳጥን። ቡፌውን ሽጡ። ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻና ምጣዱ ይበቃል፤ የቀረው ከእድርና ከዘመድ ይመጣል።

ልጆች ያሉት ትልቅ ቤተሰብ ከሆናችሁ ፍራሽና ብርድ ልብስ አትቀንሱ። እንግዳ አይቀርም፤ ከክፍለ አገር የሚመጣ ዘመድ መሬት ላይም ቢሆን ይተኛል። የሚቀነሰው ወንበርና የማስቀመጫ ሳጥን ነው። የልጆች ልብስ ደግሞ ታናሹ እስኪደርስበት የሚጠበቀው ብቻ ይቆይ፤ ከዚያ ያለፈው ይሰጥ።

ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ መጀመሪያ መሸጥ ያለበት መልሶ መግዛት የማያስፈልገውን ትልቅ ዕቃ ነው፤ ትርፉ ሶፋ፣ ትርፉ አልጋ፣ የማይገባው ቁምሳጥን። ፍሪጁን ለጭነት ገንዘብ ብላችሁ አትሽጡ። ከወር በኋላ ለመተካት ዕጥፉን ትከፍላላችሁ። ሽያጩን ከመነሻው ቀን አንድ ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። በመጨረሻው ቀን ገዢው መኪናው መቆሙን ያያል፤ ዋጋውንም እሱ ይወስነዋል።

ተከራይ ሆናችሁ በየዓመቱ ሁለት ዓመቱ የምትነሱ ከሆነ፣ ተፈታትቶ የሚገጠም ዕቃ ብቻ ያዙ። ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ ዕቃው ላይ እሰሩ።

ወደ አሜሪካ ጠቅልለው ለሚሄዱ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው። በርበሬውና ሽሮው ከፊሉን ይወስዳል። ጀበና፣ ሁለት ጋቢ፣ የሀገር ልብስ፣ ዋናው ሰነድና ፎቶው ይሂድ። ቀሪውን ከመሄዳችሁ በፊት በስም አድላችሁ ጨርሱ። "ለጊዜው" ተብሎ የተዘጋ ክፍል ሲቀር ኪራዩም ጭቅጭቁም ለሚቀረው ሰው ነው።

የሟች ወላጆችን ቤት የምታስረክቡ ልጆች ደግሞ አትቸኩሉ። የዘወትር ልብሳቸው እንደ ልማዱ ለተቸገረ ይሰጣል፤ ለሌላው ግን ቢያንስ አርባው ይለፍ። ወራሾቹ ሳይስማሙ፣ የወራሽነት ማረጋገጫም ከፍርድ ቤት ሳይወጣ ዋጋ ያለው ዕቃ አይሸጥ። ውጭ ያሉት በቪዲዮ ይግቡና ክፍል በክፍል አብረው ይዩ። እያንዳንዱ ልጅ በተራ አንድ አንድ ዕቃ ይምረጥ፤ የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ከመጨረሻው ሰው ተጀምሮ ይመለስ። የተመረጠው ሁሉ ዝርዝሩ ተጽፎ ይፈረምበት። የኮቶቹን ኪስ፣ የሳጥኑን ሥርና የመጽሐፍቶቹን ገጽ ሳትፈትሹ ምንም ነገር ከቤት እንዳይወጣ፤ የድሮ ሰዎች ገንዘብና ደብተር የሚያስቀምጡት እዚያ ነው።